በቤተ ሰብ መዝናኛ ሥፍራ ስለሚታዩት የአዋቂ ሲኒማ ገጸ ባሕርያት

ተረት ቀድሞ በማታ ከምድጃ አጠገብ ይነገር ነበር፤ በኋላ በመጽሐፍ ተጻፈ፤ ከዚያም በሲኒማ መጋረጃ ላይ ታየ። ዛሬ ደግሞ ቤት ተሠርቶለት፥ ሠረገላ ተሰናድቶለት፥ ሰው ቲኬት ገዝቶ ከነልጆቹ ወደ ተረቱ ውስጥ በእግሩ ይገባል። ስለዚህ የድርሰትንና የቴያትርን ነገር የሚመረምር ሰው ይህን አዲስ ዐይነት ቴያትር የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ብዙ ሰው የሚያየው፥ ልጅም ከሁሉ በፊት የሚያስታውሰው ቴያትር ይህ ሆኗልና።

የምንመረምረው ጥያቄ እንዲህ ነው። ለአዋቂዎች ታስበው በተሠሩ ሲኒማዎች ውስጥ ያሉት ገጸ ባሕርያት፥ ይኸውም ነፍሰ ገዳዩ፥ አስፈሪው አውሬ፥ አፉ ያልተገራው ቀልደኛ፥ አባትና እናት ሕፃን ይዘው በሚገቡበት መዝናኛ ሥፍራ ሊቆሙ ይገባቸዋልን? ነገሩ የተነሣው በአሜሪካ ስለ ሆነ ምሳሌዎቹን ከዚያው ወስደናል፤ ዓመቶቹንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈናል። ሆኖም በሎስ አንጀለስ በፌርፋክስ ጎዳና፥ በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በተሰየመው ሰፈር የሚሰበሰቡ ወገኖቻችን ከዲዝኒላንድ ደጅ ብዙ ስለማይርቁ፥ ጥያቄው ከኛም ወላጆች ቤት ሳይገባ አይቀርም።

ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ ነውና፥ መዝናኛው ሥፍራ በመጀመሪያ ለምን እንደ ተሠራ እንመልከት። ዋልት ዲዝኒ ራሱ ይናገረው እንደ ነበረ፥ በሎስ አንጀለስ በግሪፊዝ ፓርክ ሴቶች ልጆቹ በሚሽከረከረው የእንጨት ፈረስ ሲጫወቱ እሱ በአግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። በዚያም ሳለ ወላጆችና ልጆች አብረው የሚደሰቱበት ሥፍራ ሊኖር ይገባል ብሎ አሰበ። ያ አሳብ ፍሬ አፍርቶ ዲዝኒላንድ በ1955 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በአናሃይም ተከፈተ። እንግዲህ ልብ አድርጉ፤ የሥፍራው መሠረት ለልጆች ብቻ የተሠራ የሕፃናት ማቆያ አይደለም። አባት ከአግዳሚው ወንበር ተነሥቶ ከልጁ ጋራ በአንድ ሠረገላ ላይ እንዲቀመጥ ነው። ለልጆች ብቻ የተሠራ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ቀላል ነበር፤ ለሁለቱም የተሠራ ስለ ሆነ ግን ሁለቱም ወገን በውስጡ መብት አለው ማለት ነው።

የሲኒማው ቤት በበኩሉ ሌላ ሥርዓት አለው። በአሜሪካ ከ1968 ጀምሮ ሲኒማዎች እንደ ይዘታቸው ምልክት ይሰጣቸዋል። «አር» የሚባለውን ምልክት የተቀበለውን ሲኒማ 17 ዓመት ያልሞላው ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ሊያየው አይፈቀድለትም። በ1984 ደግሞ ከ13 ዓመት በታች ላሉት ልጆች ወላጆች ብርቱ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ የሚያሳስብ ሌላ ምልክት ተጨመረ። ይህን ከመዝናኛው ሥፍራ ደጅ ጋራ ብናስተያየው አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። በዲዝኒላንድም ደጅ የልጅ ዕድሜ ይጠየቃል፤ ይኸውም ከ3 ዓመት በታች ያለው በነፃ፥ ከ3 እስከ 9 ዓመት ያለው በቅናሽ እንዲገባ ነው። የሲኒማው ደጅ ዕድሜ የሚጠይቀው ልጁን ለመጠበቅ ነው፤ የመዝናኛው ደጅ ዕድሜ የሚጠይቀው ዋጋውን ለመቍጠር ነው። የመጀመሪያው ደጅ ዘበኛ አለው፤ የሁለተኛው ደጅ ዘበኛ ግን አባትና እናት ብቻ ናቸው።

በዚህ ምክንያት ብዙዎች ቀላል ፍርድ ይፈርዳሉ፤ ከ«አር» ሲኒማ የወጣ ገጸ ባሕርይ ሁሉ ከቤተ ሰብ መዝናኛ ይውጣ ይላሉ። ይህ ፍርድ ለመናገር ይቀላል፤ በሥራ ስንፈትነው ግን አይጸናም። ሦስት ነገሮችን በየተራ እንመልከት።

የመጀመሪያው በፍሎሪዳ በ1989 በተከፈተው ዲዝኒ-ኤምጂኤም ስቱዲዮስ ይገኝ የነበረው «ግሬት ሙቪ ራይድ» የተባለው ጕዞ ነው። እንግዶች በሆሊውድ ያለውን የቻይና ቴያትር አስመስሎ በተሠራ ሕንፃ ገብተው፥ በሰፊ ሠረገላ ተቀምጠው፥ መሪያቸው እየተረከላቸው በሲኒማ ታሪክ መካከል ያልፉ ነበር። በአንድ ሥፍራ ሜሪ ፖፒንስ ጃንጥላዋን ይዛ በአየር ትንሳፈፋለች፤ በሌላው ካዛብላንካ፥ በመጨረሻው አጠገብም የኦዝ አገር ይታያል። በመካከሉ ግን ሠረገላው «ኤሊየን» ከተባለው በ1979 ከወጣው የ«አር» ሲኒማ ውስጥ ወደ ተወሰደው ጨለማ መርከብ ይገባል። ሪፕሊ የተባለችው ሴት መሣሪያዋን ይዛ ቆማለች፤ ጢስ ይጨሳል፤ አውሬውም ከጣሪያና ከግድግዳ ብቅ ይላል። ይህ ጕዞ እስከ 2017 ድረስ ቆየ።

ይህን አውሬ ከዚያ ማስወጣት ይገባ ነበርን? በኛ አስተያየት አይገባም ነበር። ሥራው ስለ ሲኒማ ታሪክ የሚናገር ስለ ሆነ፥ አውሬው የቆመው ከሌሎቹ ጋራ የታሪኩ አንድ ምዕራፍ ሆኖ ነው። ሕፃኑም ከእናቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ቢፈራ ፊቱን በእቅፏ ይደብቃል፤ ጥቂት ቈይቶም ሠረገላው ወደ ሌላ ዓለም ይወስደዋል። ይልቁንም ሥራው ልጁን አውሬውን ውደደው አይለውም፤ ሽሸው ይለዋል። ስለዚህ ምልክቱ ብቻውን ሊያስፈርድ አይችልም።

ሁለተኛው ነገር በዚያው በፍሎሪዳ በማጂክ ኪንግደም ከ1995 እስከ 2003 ይታይ የነበረው «ኤሊየን ኢንካውንተር» የተባለው ትርኢት ነው። ስሙ ቢመሳሰልም አውሬው ከማናቸውም ሲኒማ የተወሰደ አልነበረም፤ ለትርኢቱ ብቻ የተፈጠረ ነበር። ተመልካቾች በአንድ ትልቅ የመስተዋት ግንድ ዙሪያ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ከላይ የሚወርድ ማሰሪያ ትከሻቸውን ይይዛቸዋል። አውሬው መስተዋቱን ሰብሮ ያመልጣል፤ መብራቱ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ከጀርባ ይሰማል፤ ትኩስ ትንፋሹም ማጅራት ላይ ይሰማል። ይህም የሚሆነው ሕፃናት ከሁሉ ይልቅ በሚበዙበት ሥፍራ መካከል ነበር።

እዚህ ላይ የ«አር» ምልክት የለም፤ ሲኒማ የለም፤ በስሙ የሚከሰስ ገጸ ባሕርይ የለም። ነገር ግን ከግሬት ሙቪ ራይድ አውሬ ይልቅ ይህኛው ለሕፃን የከፋ ነበር። የከፋበትንም ምክንያት በአንድ ዕቃ ማሳየት ይቻላል፤ ይኸውም የትከሻው ማሰሪያ ነው። ማሰሪያው ከወረደ በኋላ የፈራው ልጅ ወደ አባቱ ዕቅፍ መግባት አይችልም፤ አባትም ልጁን ይዞ መውጣት አይችልም። በ2004 በዚያው አዳራሽ ልጆች የሚወዱት ስቲች የተባለው ገጸ ባሕርይ ተተካ፤ ማሰሪያውና ጨለማው ግን እንዳሉ ቀሩ። ስሙ የልጆች ወዳጅ ስም ሆነ እንጂ ወንበሩ የልጆች ወንበር አልሆነም።

በልጅነቱ ተረት የሰማ ሰው ሁሉ ይህን ነገር ያውቀዋል። አያቶቻችን ስለ ጅብ ሲተርቱልን ጅቡ ጥርስ አልባ አልነበረም፤ ይበላ ነበር። ነገር ግን ተረቱን የምንሰማው በጕልበታቸው ላይ ተቀምጠን ነበር። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ዕቅፉም እውነተኛ ነው፤ ልጅም የሚማረው ከሁለቱ መካከል ነው። ስለዚህ ፍርሃትን ከልጆች ተረት ፈጽሞ ማስወጣት የሚፈልጉትን አንከተላቸውም። በ1937 ለቤተ ሰብ በተሠራው በስኖው ዋይት ሲኒማ ውስጥ ያለችው ጠንቋይ በብዙ ልጆች ሕልም ውስጥ ገብታለች፤ በዲዝኒላንድ ስለዚህ ተረት የተሠራው ጕዞም ከ1983 ጀምሮ በስሙ ውስጥ «አስፈሪ» የሚል ቃል ነበረበት። በ2021 ጕዞው በታደሰ ጊዜ ጠንቋይቱን ፈጽመው አላስወጧትም፤ ነገር ግን ልጅቱ ከእንቅልፏ ነቅታ የምትታይበት መልካም ፍጻሜ ተጨመረ። ይህ በኛ አስተያየት ትክክለኛው እርማት ነው። ለልጅ የሚነገር ተረት ፍርሃትን ሊያስር ይችላል፤ ያሰረውን ግን ራሱ ሊፈታው ይገባል።

ሦስተኛው ነገር ከፍርሃት ወደ ሣቅ ይወስደናል። በዲዝኒላንድ ከ1967 ጀምሮ የሚታየው የካሪቢያን የባሕር ወንበዴዎች ጕዞ ከስሙ ሲኒማ በ36 ዓመት ይቀድማል። በጕዞው ውስጥ የታሰሩ ሴቶች እየተጫረቱ ለወንበዴዎች ሚስትነት የሚሸጡበት ትርኢት ነበረ፤ ወንበዴዎች ሴቶችን የሚያባርሩበትም ነበረ። ሁለቱም ተመልካችን ለማሣቅ የተደረጉ ነበሩ። የማባረሩ ትርኢት በ1997፥ የጨረታው ደግሞ በ2018 ተለወጠ። እንግዲህ የሴት መሸጥ ለቤተ ሰብ በተባለው ሥፍራ ከ50 ዓመት በላይ ሲያሥቅ ኖረ ማለት ነው፤ አንድም የአዋቂ ሲኒማ አላመጣውም።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ታላቅ ነው። ልጅ ሲፈራ ዐይኑን ይጨፍናል፤ ሲሥቅ ግን አፉንም ልቡንም ይከፍታል። አባቱ በምን እንደሚሥቅ አይቶ የሚያሥቀውንና የማያሥቀውን ይለያል። ስለዚህ በልጅ ፊት ከሚያስፈራው ይልቅ የሚያሥቀው ነገር የበለጠ ምርመራ ይገባዋል።

አሁን የዛሬው ክርክር ወደሚነሣበት ገጸ ባሕርይ፥ ወደ ዴድፑል እንመጣለን። ይህ ሰው በ1991 በማርቨል የሥዕል መጻሕፍት የተፈጠረ ነው። በ2016፥ በ2018ና በ2024 የወጡት ሦስት ሲኒማዎቹ ሁሉ የ«አር» ምልክት አላቸው። ቀይ ልብስና ጭምብል ለብሶ ለገንዘብ ይገድላል፤ እየገደለም ይቀልዳል፤ ከታሪኩ ወጥቶም ተመልካቹን በቀጥታ ያነጋግራል። የዲዝኒ ኩባንያ በ2019 የፎክስን የሲኒማ ሥራ በገዛ ጊዜ ይህም ሰው በእጁ ገባ። በ2024 ሦስተኛው ሲኒማ በወጣበት ወራት ከዲዝኒላንድ ጐን ባለው በካሊፎርኒያ አድቬንቸር ለእንግዶች ታየ፤ ቃሉም ለቤተ ሰብ እንዲሆን ከስድብና ከነውር ጸድቶ ነበር።

ስለዚህ ሰው በቅን እንፍረድ። በመዝናኛው ሥፍራ የተናገረው ቃል ልጅን የሚጎዳ ነበር ብለን አንከሰውም። በሲኒማው ግን ቀልዱ ኃይል የሚያገኘው ከሞት አጠገብ ስለ ተነገረ ነው፤ ተመልካቹ ይሥቅና በምን እንደ ሣቀ አይቶ ይደነግጣል። መልካምም ይሁን ክፉ፥ ጥበቡ ይህ ነው። ደሙንና ስድቡን ስናነሣ ይህ ጥበብ አብሮ ይነሣል፤ የሚቀረው ቀይ ልብስ የለበሰ ደስተኛ ሰው ነው። ማጽዳቱ በሲኒማም ተሞክሯል፤ በ2018 በታኅሣሥ ወር ሁለተኛው ሲኒማ ታርሞ፥ ዝቅተኛው ምልክት ተሰጥቶት ለወጣቶች እንዲሆን እንደ ገና ወጥቶ ነበር። ሦስተኛው ሲኒማ ግን ወደ ቀድሞው ምልክት ተመለሰ፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ያልታረመውን ሰው መረጡ ማለት ነው።

እንግዲህ እንጠይቅ። የሚያስፈልገው ደስተኛና ተጫዋች ሰው ብቻ ከሆነ፥ ከስንቱ የልጆች ገጸ ባሕርይ መካከል ይህ ለምን ተመረጠ? መልሱ ግልጽ ነው፤ ሲኒማው በዚያ ወራት እየታየ ነበርና ነው። በመዝናኛው ሥፍራ የቆመው ሰው ወደ ሲኒማው ደጅ የሚያመለክት ጣት ነው። የ7 ዓመት ልጅ በዚህ ሰው ቀልድ ይሥቃል፤ አብሮት ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያም ወደ አባቱ ዞሮ «አባባ፥ የዚህን ሰው ሲኒማ መቼ እናያለን?» ይላል። አባትም «አንተ አታየውም» ከማለት በቀር መልስ የለውም። ልጁም «ታዲያ ለምን ሰላም በለው አልከኝ?» ቢል አባት ምን ይመልሳል? ኩባንያው በአንድ እጁ ሰውየውን ለልጁ ያቀርባል፤ ሲኒማ ቤቱ በሌላው እጅ ልጁን ይከለክላል፤ በሁለቱ መካከል ቃሉ የሚዋዥቀው አባት ነው። የሚጐዳው የልጁ ጆሮ ሳይሆን የአባት ቃል ነው።

በዚህ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች ሳንሰማ ማለፍ አይገባንም። አንዳንዶች ነገሩ እንደ ሰምና ወርቅ ነው ይላሉ፤ ልጁ ሰሙን ይሰማል፥ አባት ወርቁን ያገኛል፥ ሁለቱም ይሥቃሉ፤ ይህም ዲዝኒ አባትን ከአግዳሚው ወንበር ለማስነሣት ካሰበው ጋራ ይስማማል ይላሉ። ይህ ክርክር ብርቱ ነው፤ ለቤተ ሰብ የሚሆን ሥራ ሁሉ በእውነት ሁለት ጆሮ ሊኖረው ይገባልና። ነገር ግን በመልካም ቅኔ ሰሙ ራሱ ምሉዕ ነው፤ ወርቁን ያላወቀውም ሰው ሙሉ ነገር ሰምቶ ይሄዳል። ደግሞም ሰሙን በልጅነቱ የሰማ፥ አድጎ ወርቁን ባገኘ ጊዜ ደስ ይለዋል። በሜሪ ፖፒንስ ውስጥ ሥራ ልጆቹን ያስረሳው አባት አለ፤ ልጅ የጃንጥላውን ተአምር ያያል፥ አባት ራሱን ያያል፥ ልጁም አድጎ ሲመለስ የአባቱን ልብ ያገኛል። የዴድፑል ሰም ግን ስስ ነው፤ ሥራው ሁሉ ወደ ተቈለፈው ወርቅ ማመልከት ነው።

ሌሎች ደግሞ፥ ልጅ የሌላቸው አዋቂዎችም ቲኬት ገዝተው ይገባሉ፤ የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ ማየት ለምን ይከለከላሉ? ይላሉ። እነዚህም እውነት አላቸው። መልሱ ግን መከልከል ሳይሆን ደጅ መለየት ነው፤ ይህም በሥራ ታይቷል። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ከ1991 ጀምሮ በመጸው ወራት የማታ የፍርሃት ትርኢት ያደርጋል። የቀኑ እንግዶች ይወጣሉ፤ ለማታው ሌላ ቲኬት ይሸጣል፤ ከ13 ዓመት በታች ላሉት እንደማይመከር በግልጽ ይነገራል። ፍሬዲ ክሩገርን የመሰሉ የአዋቂ ሲኒማ ገዳዮች የሚታዩት በዚያ ጊዜ ነው። በ2025 ደግሞ ይኸው ኩባንያ በላስ ቬጋስ ለዚህ ዐይነት ትርኢት ብቻ የሚሆን ቤት ከፈተ። በዚያ ገጸ ባሕርዩ ጥርሱ ሳይነቀል ሙሉ ሆኖ ይቆማል፤ አዋቂው የወደደውን ያገኛል፤ ወላጅም አይታለልም። እንግዲህ ዴድፑልን ከልብ የሚወዱት ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ከተቆረጠው ይልቅ በማታው ደጅ ያልተቆረጠውን ሊመርጡ ይገባቸዋል።

ከዚህ ሁሉ ምርመራ ሦስት ጥያቄዎች ወጥተውልናል። አንደኛ፥ ሥራው ከሲኒማው ተለይቶ በራሱ ይቆማልን? ወይስ ወደ ተከለከለ ደጅ መጋበዣ ብቻ ነው? ሁለተኛ፥ ልጁ ቢፈራ ወላጁ ሊያቅፈው ወይም ይዞት ሊወጣ ይችላልን? ሦስተኛ፥ ሥራው ልጁን በምን እንዲሥቅ ያስተምረዋል? በእነዚህ ሲመዘኑ የግሬት ሙቪ ራይድ አውሬ የ«አር» ልጅ ሆኖ ሳለ ያልፋል። ኤሊየን ኢንካውንተር ምንም ምልክት ሳይኖርበት በሁለተኛው ይወድቃል። የወንበዴዎቹ ጨረታ በሦስተኛው ይወድቃል። ዴድፑል ሁለተኛውን ያልፋል፤ ቃሉም ስለ ጸዳ ሦስተኛውን እንደ ምንም ያልፋል፤ በመጀመሪያው ግን ይወድቃል።

ስለዚህ ለተነሣው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። የአዋቂ ሲኒማ ገጸ ባሕርይ ሁሉ ከቤተ ሰብ መዝናኛ ይባረር አንልም፤ እንዲህ ብንል ከአውሬው ጋራ ጠንቋይቱንም እናባርራለን፥ የሚቀረውም ማር ብቻ የሆነ ማዕድ ነው። ሁሉ ይግባም አንልም። ወላጅ ልጁን በእጁ ይዞ በዚያ ደጅ ሲያልፍ ለአንድ ቀን ዘበኝነቱን ለቤቱ ባለቤት አደራ ሰጥቷል፤ የቀኑን ድካምና የዓመቱን ቍጠባ ከፍሎ የገዛውም ይህን ዕረፍት ነው። ባለቤቱ በዚህ አደራ ላይ የንግድ ማስታወቂያ ከለጠፈበት፥ ቃሉ ምንም ያህል ቢጸዳ አደራ በልቷል። በማግስቱ ቤቱ ሲመለስ «ያየኸውን ሰው አትየው» ብሎ ከልጁ ጋራ የሚከራከረው ያ ወላጅ ነው፤ ፍርዱም ለእርሱ ሊሆን ይገባል።